ለሦስተኛው ሲሊንደር የተመረጠች ካንዴላ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰው ቀሚስ ስታሰፋ ኖራለች። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ታክሲ ነጂ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ያቺን በዕድሜ እኔን የምትበልጥ መኪናውን አልለይ ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ኮፈኗን ከፍቶ ሲያያት ያረፍድ ነበር። አክስቴ መንጃ ፈቃድ አላት፤ መሪውን ግን አስነክቷት አያውቅም ነበር። መኪናዋ ዓመለኛ ናት፣ አንቺን አታውቅሽም ይላት ነበር፤ እሷም ስቃ ትተወው ነበር።

ካቻምና ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ንግግሩም ተጎተተ። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደ እጁን እንዲያሠራ አዘዘው። አድራሽ ሲጠፋ አክስቴ አንድ ጠዋት ቁልፉን ከኪሱ አወጣች፣ ደግፋ አስገባችው፣ ራሷም ነዳች። እሱ እስኪደርሱ ድረስ ዓይኑን አልገለጠም።

ሦስት ሳምንት ደህና ሄዱ። በአራተኛው መኪናዋ መንገድ መሀል ትንተፋተፍ ጀመር፤ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀችና ቀጥ አለች። ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ሲነፉ፣ መንገደኞች ወደ ዳር ሲገፏቸው፣ ጋሼ አንገቱን ቀና አላደረገም።

የሰፈሩ መካኒክ አይቷት ሞተሩ ዘይት ይበላል አለ። ዘይቱን የሚያግደው የፒስተኑ ቀለበት አልቋል፤ ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት፤ ሥራው ደግሞ ከወር በላይ ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ሕክምናው ሊቋረጥ ነው። አክስቴ ቤት ገብታ የልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ ፔዳሉን ግን አልረገጠችም።

ትንሽ ቆይቶ ጋሼ ካልጋው ላይ ጠራት።

"ካንዴላዎቹን ፈትተሽ አምጪልኝ" አላት።

ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረው ዕቃ ናት፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንዳንድ፣ በድምሩ አራት። አፈታቷን በግራ እጁ አየር ላይ እያዞረ አሳያት። አክስቴ እስከ ክርኗ ጠቁራ ተመለሰችና ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በተራቸው ደረደረችለት። አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋና አራተኛዋ ደረቅና ቡናማ ናቸው። ሦስተኛዋ ግን ጥቀርሻ ለብሳ በዘይት ርሳለች። ጋሼ አንስቶ አሸተታትና ነገሩን ቀስ እያለ አስረዳት። ዘይት የሚያስገባው ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻ ነው፤ ዘይቱ ካንዴላዋ ላይ እየጋገረ እሳቷን ያፍናል። ሞቅ የምትል ካንዴላ ብትገባ ጫፏ ስለሚግል ዘይቱን እያቃጠለች ራሷን ታጸዳለች። በሽታውን አታድነውም፤ ለጊዜው ግን ታስኬዳቸዋለች።

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት አራቱንም አዲስ፣ ያውም አሉ ከሚባሉት፣ ሊሸጥላት ሞከረ። አክስቴ አሮጌዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ልኳ እንዲህ ሆኖ ሞቅ የምትል አንድ ብቻ እንደምትፈልግ ነገረችው። ሰውየው ሁለት ዓይነት አወጣ፤ አንዷ በአንድ ደረጃ፣ ሌላዋ በሁለት ደረጃ የምትሞቅ። የትኛዋ እንደምትሻል ስትጠይቀው እኔ እንጃ አላት። ሁለቱንም ይዛ መጣች።

ጋሼ መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያያቸው ብዙ ቆየ። አክስቴ በጣም የምትሞቀው ቶሎ ታጸዳ የለም ወይ አለችው።

"የሐኪም ቤቱ መንገድ ዳገት አለው" አላት። "እዚያ ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ከልክ በላይ ትግልና ፒስተኑን ትበሳዋለች። አንድ ደረጃ ይበቃናል። አንቺም ቀስ ብለሽ ነው የምትነጂው።"

"ዓይንህን ጨፍነህ እንዴት አወቅህ?" አለችው።

መኪናዋ አጠገብ ወንበር አውጥታ አስቀመጠችው። የካንዴላዋን ጫፍ ክፍተት በስስ ብረት ስትለካ በመጀመሪያው ሙከራ ልክ አወጣችው፤ ልክ ማውጣት የዕድሜዋ ሥራ ነው። ስታስገባት ግን ጥርሱ አልገጥም አለ፤ በመፍቻ ልታስገድዳት ስትል ጋሼ በግራ እጁ የእጇን አንጓ ያዛት።

"በጣትሽ። እምቢ ስትልሽ መልሰሽ እንደገና ጀምሪ።"

መለሰቻት፤ እንደገና ጀመረች፤ ገባች። እጁ ግን አንጓዋን አልለቀቀም።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ኮፈን አላስነካሁሽም" አላት።

"እኔስ መቀሴን አስነክቼህ አውቃለሁ?"

ሁለቱም ሳቁ፤ የእሱ ሳቅ በግራ በኩል ብቻ ቢሆንም።

ጭሱ አልጠፋም፤ መንተፋተፉ ግን ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድም የሕክምና ቀን አላለፋቸውም። አክስቴ በየወሩ ሦስተኛዋን እየፈታች ታሳየዋለች፤ እሱም ወደ ብርሃን አዙሮ አይቶ ይመልስላታል።

ሞተሩ የተከፈተው በዓመቱ፣ ሕክምናው ሲያበቃ ነው። ያን ጊዜ ጋሼ በምርኩዝ ይቆም ነበር፤ የቀኝ እጁ ጣቶችም ኩባያ መያዝ ጀምረዋል። ጋራዡ ውስጥ ቆሞ መካኒኩን ሲያዝ ዋለ። መካኒኩ ቢቸግረው አክስቴን እባክሽ ይዘሽው ወደ ቤት ግቢልኝ አላት። እሷ ግን ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ አጎንብሳ ቀለበቱ የት ጋ እንዳለቀ ስትፈልግ ነበርና አልሰማችውም።