ፈረሱን ያስወጣንበት ክረምት

በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ ትንፋሽ ያጠራቸው ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የአማቼ ፈረስ፣ ሁለተኛዋ የእኔ ልጅ። ልጄ ገና ክርስትና ያልተነሳች ጨቅላ ናት። ፈረሱ ደግሞ ለአማቼ፣ ለባሌ አባት፣ እግራቸው ነው። ይህን ሳወራ ሰው "አንቺ ሴት፣ የፈረስና የልጅ ነገር አንድ ላይ ይወራል?" ይለኛል። ታዲያ ምን ላድርግ፣ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ጢስ ነው ሲፈጃቸው የከረመው።

ድሮ ቤታችን ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነበር። ፈረሱ ነፋስ የሚገባው፣ ዙሪያውን በአጋም የታጠረ የራሱ በረት ነበረው። ኋላ የደርጉ መንደር ምስረታ መጣ። "ተሰብስባችሁ ኑሩ፣ መብራትና ውሃ ይገባላችኋል" ተባልን። መብራቱም ውሃውም እስካሁን መንገድ ላይ ይሆናል እንግዲህ። ቤታችንን በገዛ እጃችን አፈረስን፣ ማገሩንና ወጋግራውን ተሸክመን ወረድን፣ ሜዳው ላይ በገመድ በተለካልን ቦታ ተደርድረን ሠራን። አማቼ ዳሌያቸውን የተሰበሩት ያኔ ነው፤ የድሮውን ጣራ ሲያወርዱ ወደቁ። ወጌሻ አሽቷቸው አልቀናም። ከዚያ ወዲህ ምርኩዝ ይዘው ከደጃፍ እስከ ጓሮ ነው፤ ከዚያ የራቀ ቦታ ሁሉ በፈረስ ነው።

ለአዲሱ ቤት የበቃው እንጨት ለበረት አልተረፈም። ስለዚህ ፈረሱ ከእኛ ጋር ገባ። ከደጃፉ በስተግራ ግርግም ተሠራለት፣ መሀል ላይ ምድጃ፣ ከምድጃው ወዲያ የእኔ መደብ። ባሌ በዚያን ጊዜ የለም። ጅጋ ገበያ እንደወጣ ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ወሰዱት፤ እኔን እርጉዝ ትቶ።

ፈረሱ ትንሽዬ ዳማ ነው። ባሌ ከቡሬ አጠገብ ካሉ አገዎች በውርንጭላነቱ ነው የገዛው። አማቼ "ይኼ ፈረስ አገውኛ ካልተናገሩት ጆሮው አይሰማም" እያሉ ያስቁን ነበር፤ ሂድ ሲሉት ይቆማል፣ ቁም ሲሉት ይሄዳል። ቢሆንም ይወዱታል። ከልጃቸው የቀራቸው እሱ ነዋ።

ክረምቱ እንደገባ ማሳል ጀመረ። የጤፍ ጭዱን ክምር ከድሮው ቤት ስናግዝ ዝናብ መትቶት ውስጡ ሻግቷል። ያንን እያፍረከረክን ስንሰጠው ብናኙ እንደ ዱቄት ይነሳል። መጀመሪያ ሲበላ ብቻ ነበር የሚያስለው፤ በኋላ ዝም ብሎ ቆሞም ያስለው ጀመር። አፍንጫው ተበልጥጦ፣ አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ፣ ሆዱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሹን ለማስወጣት ሁለት ጊዜ ሲገፋ ከመደቤ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ።

"ብርድ መትቶት ነው" አሉ አማቼ። ሌላ ምን ሊሉ ነው? እኛ አገር የሚያስለው ሁሉ ብርድ የመታው ነው። በሩ ተዘጋ። የግድግዳው ስንጥቅ በእበት ተደፈነ። ፈረሱ ጆንያ ለበሰ። ከዚያ ቀበሪቾ መጣ፤ ገል ላይ ፍም አድርገው፣ ሥሩን ጣል አድርገውበት፣ የፈረሱን ራስ በጋቢ ሸፍነው ያጥኑታል። ደረቱን ይከፍትለታል ብለው ነው። ምስኪኑ ፈረስ እያለቀሰ ይስባል፣ እየሳለ ይንቀጠቀጣል፤ አማቼም "አይዞህ፣ እየለቀቀህ ነው" ይሉታል።

እኔም የወለድኩት በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ከሽንዲ ድረስ መጥታ አራስነቴን ትጠብቃለች። ለአራስ ደግሞ ይኸው ቀበሪቾ ለቡዳም ለነፋስም ይታጠናል። ስለዚህ ገሉ ከፈረሱ ሥር ይነሳና ወደ እኔ ይዞራል፣ ከእኔ ይነሳና ወደ ፈረሱ ይመለሳል። ገንፎው የሚገነፋውም እዚያው ነው፣ እንጨቱ እርጥብ፣ ኩበቱ እርጥብ። እናቴ ያለችበትን በድምጿ ነው የማውቀው። ልጄ ስትስል የሰማሁት አንድ ቀን ፈረሱ ሲያርፍ ነው። እስከዚያ የእሱ ሳል የእሷን ሸፍኖት ነበር።

ከፍኖተ ሰላም የከብት ክትባት የሚሰጡ ሰዎች መጡ። አማቼ ፈረሱን ደጃፍ ላይ አቁመው አንዱን ሰውዬ ለመኑት። ሰውዬው ጆሮውን ፈረሱ ጎን ላይ ለጥፎ ቆየ፣ ወደ ቤቱም አንገቱን አስገብቶ አየ፣ ወዲያው እየሳለ ወጣ። በግድግዳው በኩል የተናገረውን ሁሉ ሰማሁ።

"አባት፣ ይኼ ብርድ አይደለም። ጢሱና የጭዱ ብናኝ ነው ሳንባውን የዘጋው። የሚያስፈልገው ነፋስ ነው። ውጭ ያሳድሩት። ጭዱን ውሃ አርከፍክፈው ይስጡት። ያንን ማጠን ደግሞ ይተዉት።"

"ውጭ? ጅቡንስ ምን ልበለው?" አሉ አማቼ።

"ጅቡ ምናልባት ነው አባት። ጢሱ ግን በየቀኑ ነው።"

አማቼ ቀኑን ሙሉ ከጎረቤት እንጨት ሲለምኑ ዋሉ። በማግስቱ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ዳስ መሥራት ጀመሩ። በዚያ ዳሌ ጭቃ ውስጥ ተቀምጠው እየተሳቡ ነው እንጨት የተከሉት። ጎኑ ክፍት፣ ዙሪያው እሾህ። ፈረሱን አስወጡት፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጦራቸውን ይዘው አጠገቡ ማደር ጀመሩ። ጭዱን ራሳቸው በውሃ ያርሱታል፣ ከወንዝ ዳር ሳር እንዲታጨድለትም ሰው ይለምናሉ። ፈረሱ ሳሉ ቀነሰ፣ ከዚያ ተወው። አንድ ቀን ሲያሽካካ ሰማሁት፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ልጄ ዞር አልኩ። የጎኗ አጥንት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። አፍንጫዋ ይበለጠጣል። ያንን አይቼዋለሁ፤ ፈረሱ ላይ ነው ያየሁት።

"እማዬ፣ እኛስ?" አልኳት እናቴን። "ሰውዬው ጢሱ ነው ያለውን አልሰማሽም? እኛንም አውጡን።"

"ለፈረስ ነው የተናገረው" አለችኝ። "ፈረስና አራስ አንድ ነው? አራስ በክረምት ደጅ ወጥታ ልትሞትብኝ ነው?"

"በሩን እንኳ ክፈቱት።"

"ነፋስ ይመታሻል። የእኔን ጡት ጠብተሽ ነው ያደግሽ፣ እኔ አላውቅም?"

አማቼንም በግድግዳው በኩል ለመንኳቸው። "ልጄ፣ እሱ የሴቶች ነገር ነው፣ እናትሽ ያውቃሉ" አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ እሳቸውን አላማም የምለው ድሮ ነበር። አሁን ግን አማቸዋለሁ። ለፈረሱ ሲሉ በተሰበረ ዳሌ ጭቃ ላይ የተሳቡ ሰው፣ ለእኔ አንድ በር መክፈት አቃታቸው። እናቴንም አማታለሁ። ነፍሷን ይማርና፣ እሷ የመሰላትን ነው ያደረገችው፤ ንዴቴ ግን ይህን ሰምቶ አይበርድልኝም። ተነስቼ በሩን ስከፍት ትዘጋዋለች። እንደገና እከፍታለሁ፤ እያለቀሰች ትዘጋዋለች። ጉልበት አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ልጄ ጡት መያዝ ተወች። ከንፈሯ ጠቆረ። አማቼ ፈረሱን ጫኑ።

"ወደ ጅጋ፣ ጤና ጣቢያ" አልኳቸው።

በሩ ላይ ቆመው ወደ እኔ ሳያዩ መለሱልኝ። "ሰማንያዋ አልደረሰም። ክርስትና ሳትነሳ ከሞተችብን ቤተ ክርስቲያን አትቀበርም። መጀመሪያ ቄሱን ላምጣ።" ጤና ጣቢያው በአንድ በኩል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ ሰፈራችን በሌላ በኩል ነው። ፈረሱ ደግሞ አንድ ነው። እናቴ "ቄሱን፣ ቄሱን" አለች። የእኔን ማን ይሰማል።

ቄሱ ብቻቸውን በፈረሱ መጡ። አማቼ ከፈረሱ ወርደው እሳቸውን አስቀምጠዋቸው፣ ራሳቸው በምርኩዝ ኋላ ቀርተዋል። ቄሱ አራስ ቤት አይገቡምና ልጄ ወደ ደጅ ወጣች፤ ወደ ፈረሱ ዳስ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤ ያን ጊዜ ነፋስ ይመታሻል ያለኝ የለም። ውሃው ተባረከ፣ ተጠመቀች፣ ስም ወጣላት። ዝናቡ አባርቶ አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ልጄ ዓይኗን ገለጠች፣ አንድ ሁለቴ ደህና አድርጋ ሳበች። እናቴ "አየሽ፣ ጠበሉ" አለች። ፈረሱ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ ቄስ ተሸክሞ ሮጦ ተመልሶ አጠገባችን ቆሟል፤ አንዴም አላሳለውም። ልጄ እዚያው እቅፌ ላይ አረፈች።

አማቼ የደረሱት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ነው። "ደረሱላት?" አሉ።

"ደርሰውላታል። ተጠምቃለች" አለቻቸው እናቴ።

"ተመስገን" አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እዚያው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ቀብረናት ከተመለስን በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩ። መጥረቢያውን አነሳሁና በመደቤ ራስጌ ያለውን ግድግዳ መታሁት። ጭቃው ረገፈ። እናቴ እጄን ልትይዝ መጣች፤ አየኋትና ተወችኝ። ማገሩ ጋ ስደርስ አቃተኝ። አማቼ በውጭ በኩል መጡና በምርኩዛቸው እየወጉ የቀረውን አፈረሱልኝ። ራስ የሚያስወጣ ቀዳዳ ተከፈተ። ነፋሱ ገብቶ መደቡ ላይ የቀረውን የልጄን መጠቅለያ ጨርቅ አነሳው፣ መልሶ ጣለው።