ሰው አይቶ የማያልፍ ፈረስ

ፈረስ አስተዋይ እንስሳ ነው የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ፈረስ ላይ ወጥተው የማያውቁ ናቸው። እኔ መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ እግሬ እርካብ ሳይደርስ ጀምሮ ለሽቅድድም ስጋልብ አድጌአለሁ። ከዚያ ሁሉ ግልቢያ የተረፈኝ ዕውቀት፣ ፈረስ የለመደውን አይረሳም የሚል ብቻ ነው። ይህ ደግሞ አስተዋይነት አይደለም፤ አስተዋይ መርሳት ያለበትንም ያውቃል።

ዳማ ፈረሳችንን ያስተማረው አባቴ ነው፤ እያስተማረው መሆኑን ግን አያውቅም ነበር። አባቴ የአገር ሽማግሌ ነበር። የተጣላ ሲያስታርቅ፣ ለሰው ልጅ ሚስት ሲጠይቅ፣ ዳማው ላይ ተቀምጦ አገር ያዳርሳል። በእኛ አገር ደግሞ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው በአንድ “ደኅና ዋልክ” ማለፍ ከስድብ አይሻልም። መጀመሪያ ሰውየው ራሱ ይጠየቃል፤ ከዚያ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ በሬዎቹ፣ የታመመችው አማቱ፤ ከዚያ እንደገና ራሱ፣ በመካከሉ አሞት እንደሆነ። ዳማው ይህን ሁሉ ዓመት ቆሞ አዳመጠ። ከጊዜ በኋላ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ባየ ቁጥር ሳይታዘዝ ሄዶ ፊቱ ይቆም፣ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ይከድን ጀመር። “በል ደኅና ሁን” የሚለውን ካልሰማ አይነቃነቅም። ጉሰማም አለንጋም ከንቱ ነው።

ለሰልፍ የሚያህለው አልነበረም። ለጥምቀት ቀይ ግላስ ለብሶ ሲወጣ እናቴ፣ “እኔ በሠርጌ ቀን እንዲህ አላማረብኝም” ትል ነበር፤ አባቴም አይከራከርም። በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ሽቅድድም ሲመጣ ግን ጉዱ ይወጣል። ሜዳው ዳር ከተኮለኮለው ሽማግሌ አንዱን መርጦ ይቆማል። በመጨረሻ አባቴ ተቆጣ።

“ዘንድሮ ካልቀደመ ደብረ ብርሃን ወስጄ ለጋሪ እሸጠዋለሁ።”

“አባዬ፣ ያበላሸኸው እኮ አንተ ነህ።”

“እኔ ሰው ሰላም አልኩ እንጂ ፈረስ መቼ አበላሸሁ?”

ዳማው ጡብ የተጫነ ጋሪ ሲጎትት ታየኝ። በዚያ ቀን እራት አልበላሁም፤ ቆሎ ብቻ በላሁ፣ እሱንም ብዙ።

የቀረኝ መላ ሽማግሌዎቹን ከሜዳው ማራቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ለመንኩት። በበዓሉ ቀን እየዞረ፣ “አባቶች፣ ከዚያ ማዶ ጥላ አለ፤ ፀሐዩ እንዳይጎዳችሁ” እያለ ሁሉንም ከመጨረሻው መስመር ኋላ ሰብስቦ አስቀመጠልኝ። በጥር፣ በመንዝ ብርድ፣ ጥላ የሚመኝ ሽማግሌ የለም፤ ቢሆንም በአክብሮት ስለተጠየቁ እየተንቀጠቀጡ ተቀመጡ።

ሽቅድድሙ ተጀመረ። ዳማው እንደዚያን ቀን በሮ አያውቅም። ከፊቴ ሜዳና ሰማይ እንጂ ፈረስ አልነበረም። ገና ሳልደሰት፣ ቅዳሴ ቆይተው የመጡት የንስሐ አባታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው በጎን በኩል ብቅ አሉ።

ዳማው ቀጥ አለ። እኔ አልቆምኩም። በአንገቱ ላይ ተንሸራትቼ በጉልበቴ አረፍኩ፤ ልክ እግራቸው ሥር። አባ መስቀላቸውን አወጡ።

“እግዚአብሔር ያክብርህ ልጄ! በሽቅድድም መካከል ወርደህ?”

“አባ፣ እኔ አይደለሁም፤ ፈረሱ ነው።”

“ተሳለም። አባትህ ደኅና ነው?”

“ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እባክዎ ደኅና ሁን ይበሉኝ።”

“ምን አስቸኮለህ? የእናትህ ወገብ ተሻላት?”

ፈረሶቹ አንድ በአንድ አለፉን። አንዱ ጋላቢ ሲያልፍ፣ “ለእኔም ተሳለምልኝ!” ብሎ ጮኸ።

አባ “በል ደኅና ሁን” ሲሉኝ ተመልሼ ወጣሁበት፤ ዳማው ዐርፎ፣ ደስ ብሎት፣ በሶምሶማ መጨረሻ ገባ። እኔ ጋሪውን እያሰብኩ ዕንባዬን ስታገል ሽማግሌዎቹ ተነሡ።

“የማን ልጅ ነው? መቅደሙን ትቶ መስቀል የተሳለመ!”

“ወድቄ ነው” አልኩ።

“ሰማችሁት? ወደቅሁ ይላል! ትሕትናውን እዩልኝ!”

“ፈረሱ ነው የቆመው!”

“ምስጋናውን ለእንስሳ ሰጠው!” አለ ሌላው፣ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ።

እውነት በተናገርኩ ቁጥር ቅድስናዬ ስለጨመረ ዝም አልኩ። የቀደመው ልጅ የሚያመሰግነው አጥቶ ፈረሱን ያሻሽ ነበር። አባቴን ግን ሰው ከቦ፣ “እንዲህ ነው ማሳደግ!” ይለዋል። ወደ ቤት ስንመለስ ደፍሬ ጠየቅሁት።

“ጋሪውስ፣ አባዬ?”

“የምን ጋሪ? ይህን ፈረስ ሸጬ ሰው ምን ይለኛል?”

ይሉኝታ አገር ያጠፋል ብዬ ደጋግሜ ጽፌአለሁ፤ አሁንም አልተውኩትም። ፈረስን ግን ሲያድን አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ከመነሻው ስንፈተለክ አባ ቀደም ብለው መጥተው፣ መስቀላቸውን ይዘው መካከል ሜዳ ላይ ቆመዋል። የየቤቱ አባት ልጁን “ዋ! ሳትወርድ እንዳታልፍ” ብሎ አስጠንቅቆት ኖሮ ሁሉም ጋላቢ ወረደና ከበባቸው፤ አባም እየዞሩ ሁሉንም በየተራ አንድ አንድ ነገር ይጠይቁ ጀመር። ያሸነፈው ከዓለም ከተማ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣ መምህር ልጅ ነው። አባ ዘመዶቹን ስለማያውቁ የሚጠይቁት አጥተው ቶሎ ለቀቁት። ልጁ መስመሩን ሲያልፍ ዳማውና እኔ አባ ዘንድ ከሁሉ ቀድመን ደርሰን፣ ገና “የአክስትህ ጉልበት ተሻላት?” ላይ ነበርን።