ካርታው ያመጣቸው ሰዎች

ጎረቤቴ አትጠገብ የዲላ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት የደንብ ልብስ ሰፊ ናት። ትዳር የያዘችው ዘግይታ ነው። ሚስቱ የሞተችበትን የጭነት መኪና ሹፌር፣ ባልቻን አግብታ ከእኔ አጥር ቀጥሎ ያለውን ቤት አብረው ሠሩ። ልጅ አልወለደችም። ባልቻ ግን ከመጀመሪያ ሚስቱ አማኑ የሚባል ልጅ ነበረው፤ ገደብ ከተማ ከአያቱ ጋር አድጎ እዚያው ቀረ።

ባልቻ ሲሞት ቤቱ በእሱ ስም እንደተመዘገበ ቀረ፤ ስም ላዛውር ብሎ የተነሳ የለም። አማኑ ለቀብር መጥቶ ድንኳኑ እስኪነሳ ተቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በዓል ሲሆን ይደውልላታል እንጂ ደጇን ረግጦ አያውቅም። እሷም ለምን አትመጣም አላለችውም። የቤቱን ነገር ያነሳብኛል ብላ ትሰጋ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው።

በ2008 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ከአዋሳ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ቤቱን ለማየት እንደመጡ በትህትና ነገሯት። የሚሸጥ ቤት የለኝም አለቻቸው። ሰውዬው ስልኩን እያየ፣

«ካርታው እኮ እዚህ ነው የሚለው፣ እናቴ» አላት።

አትጠገብ ካርታ ሲባል የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ማኅተም የመታበትን፣ ባልቻ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረውን የቤት ካርታ። በሩን ዘግታ ሮጣ ገባች። ሳጥኑን ስትከፍተው ወረቀቱ በቦታው ነበር። ይህ ሊያረጋጋት ሲገባ የባሰ አስፈራት። የእኔ እጄ ላይ ካለ እነሱ ያዩት ሌላ ነው፣ በቤቴ ላይ ሌላ ካርታ ወጥቶበታል ብላ ደመደመች።

በማግስቱ ሌላ ሰው መጣ። ከዚያም ሌሎች። አንዱን አጥሯን በእርምጃ ሲለካ አየችው። ደላላ ቢሆን አትፈራም ነበር፤ የሰፈራችንን ደላሎች በስም ታውቃቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ እነሱም ይስቃሉ። እነዚህን ግን ማን እንደላካቸው አታውቅም። የስፌት መኪናዋን ከበረንዳ አንስታ ጓዳ አስገባች። በር በተንኳኳ ቁጥር እግሯን ከመርገጫው ላይ አንስታ፣ ትንፋሿን ይዛ ትቀመጣለች። ደንበኞቿ ልብሳቸውን ሳይወስዱ ይመለሱ ጀመር።

ልጄ ትንቢት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናትና ነገሩን ስትሰማ ወዲያው ገባት። አዲስ አበባ ወጣቶች የከፈቱት ድርጅት አለ፤ ቤት የሚሸጥ ሰው ፎቶና አድራሻ ይልክላቸዋል፣ ገዢውም ያለ ደላላ በስልኩ አይቶ ይመጣል ብላ አስረዳቻት። ፎቶውንም ከፍታ አሳየቻት። ያን ባታደርግ ይሻል ነበር። መጀመሪያ የታየው አረንጓዴ የብረት በር ነው፤ የአትጠገብም በር አረንጓዴ ነው፣ የሰፈሩም ግማሹ እንደዚያው። ቀጥሎ ሳሎኑ መጣ። መስኮቱ የእሷን መስኮት ይመስላል፣ ክፍሉ ግን ባዶ ነው። ወንበር የለ፣ ምንጣፍ የለ፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

«ዕቃዬን የት አደረጉት?» አለች ቀስ ብላ።

የእሷ ዕቃ እዚያው እንዳለ፣ እኛም ወንበሯ ላይ እንደተቀመጥን ነገርናት። ብትሰማንም ፎቶውን ደጋግማ ታየው ነበር። ትንቢት ድርጅቱ ጋ ስትደውል አንድ ወጣት አነሳና ይቅርታ ጠይቆ፣ ካርታውን እናስተካክለዋለን አለ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። አትጠገብ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቼ ትንቢትን ዝጊው አልኳት። ያ ካርታ መንገድ ማሳያ እንጂ የቤት ካርታ አይደለም ብንላትም አላመነችንም። ይህን የሚያደርግ አማኑ ብቻ ነው አለች።

ብቻዋን ልለቃት ስላልፈለግሁ አብሬያት ገደብ ሄድኩ። ከሚኒባሱ እስክንወርድ የቤቱን ካርታ ደረቷ ውስጥ ከታ በእጇ ደግፋው ነበር። አማኑን ያገኘነው የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲጠግን ነው። ሲያየን ደነገጠ፤ ሰው የሞተ መስሎት ነበር።

«ቤቱን ሸጥከው?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

አማኑ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ዲላ የማልመጣው ለቤቱ የመጣሁ እንዳይመስልሽ ፈርቼ ነው» አላት። «እዚያው ዲላ መናኸሪያ ደርሼ የተመለስኩበት ቀን አለ።»

አትጠገብ ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። የሥራ ልብሱን ቀይሮ አብሮን ተሳፈረ።

ዲላ እንደገባን እሱና ትንቢት እየደወሉ ነገሩን አጣሩ። የሚሸጠው ቤት ከከተማው ዳር፣ በጪጩ መውጫ በኩል ያለ ነው፤ ባለቤቱ ዳምጠው የሚባል መምህር፣ የአትጠገብ ደንበኛ። የልጁን ደንብ ልብስ ሊወስድ መጥቶ፣ ቁልፍ እስክትተክልለት በረንዳዋ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው አድራሻውን ለድርጅቱ የላከው። ስልኩ የመዘገበው የሚሸጠውን ቤት ሳይሆን እሱ የቆመበትን ቦታ ነበር። ዳምጠው ራሱ መጥቶ ይቅርታ ሲጠይቃት አልተቆጣችውም፤ ግን ቡና ጠጣም አላለችው።

ድርጅቱ አድራሻውን ቢያስተካክለውም ቀደም ብለው ያዩት ሰዎች ለጊዜው መምጣታቸውን አልተዉም። አማኑ ነገሩ እስኪረጋጋ ድረስ ከእሷ ጋር ተቀምጦ በሩን ይከፍትላት ነበር። ማዘጋጃ ቤትም አብረው ሄደው ቤቱን በሁለቱም ስም አስመዘገቡት።

ፍርሃቱ ጨርሶ ለቀቃት ልል አልችልም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አማኑ ይመጣል። በዝናብ ወራት የገደብ ሚኒባስ ሲዘገይ እኔ ደጅ ትመጣና፣ መንገዱ ምን ሆኖ ይሆን እያለች በስልኬ ወደ እሱ ታስደውለኛለች።