አሻንጉሊቷ ያቃጠለችው ካሎሪ

ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ነው የሚላት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ልብስ ስትሰፋ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ገበያ እንኳ እንዳንጠለጠለችው ትሄዳለች። አንድ አመል አላት፤ በወሬ ጨርቅ አትቆርጥም። አንዷ መጥታ «የባሌ ወገብ ይህን ያህል ነው» ብላ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ብትሰጣት፣ «ወረቀቱን ያዢና ባልሽን አምጪልኝ» ትላታለች። በዚህ የተነሳ ስንቱ ደንበኛ አኩርፎ ሄዷል መሰላችሁ። እሷ ግን ጉዳዬም አትል።

እንዲህ ያለችውን ሴት አንድ የእጅ ሰዓት አታለላት ብላችሁ ማን ያምናችኋል?

እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥረውን ይህን ሰዓት ያመጣላት ልጇ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። «እማ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ነው የምትውይው፤ ይሄ ተነሽ ተነሽ ይልሻል» ብሎ እጇ ላይ አሰረላት። ስልኳን ተቀብሎ፣ ቆሞ ሻዩን እየጠጣ ነካ ነካ አደረገና «ሁሉንም ሞልቼልሻለሁ» ብሏት ወጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ችኮላው ነው እንጂ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ሰዓቱን አየችው። «የተቃጠለ፦ 453 ካሎሪ» ይላል። ክው አለች። ተኝታ ነው ያደረችው፤ ምኗ ነው የተቃጠለው?

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ከአራት ዓመት በፊት ታላቅ እህቷን ቀብራለች። እህቷ እየበላች ነበር የከሳችው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጠበበችላት፤ በሽታው ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። እንግዲህ ይሄው፣ እሷንም ተኝታ ሳለ ከውስጥ የሚበላት ነገር አለ ማለት ነው፤ ሰዓቱ በቁጥር ነገራት። ጉርዷን ስትለብስ ደግሞ ወገቡ ላላ አለባት።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በየማለዳው ታያለች፤ በየማለዳው ያው ነው። እህል አልወርድ አላት። አዲስ ሥራ መቀበል አቆመች፤ ሳልጨርሰው ብሞት የሰው ጨርቅ ሜዳ ላይ ይቀራል ብላ። ይባስ ብላ፣ የስፌት መኪናዋን ሲመኝ ለኖረው ለመጋረጃ ሰፊው ጎረቤቷ «ቅዳሜ መጥተህ ውሰዳት» አለችው። ያቺን መኪና ከሰጠች ምን ሊቀራት? ይህንንም ታውቀዋለች፤ ብቻዋን ሆና ያለቀሰችውም ለዚሁ ነው።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሟች እህቷ ልጅ መጣች። ነርስ ናት።

«አክስቴ፣ ይሄ የሥራ ሱሪዬ እግሬን እየጠለፈ ሊጥለኝ ነው፤ አሳጥሪልኝ።»

«አዲስ ሥራ አልቀበልም።»

«እኔም ደንበኛ ሆንኩ?»

እትዬ ሜትር የያዘችውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። ልጅቷ ግራ ገብቷት ክፍሉን ስታይ፣ መስኮቱ ሥር በቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት እጅ ላይ ሰዓቱ ታስሯል።

«ይቺ ደግሞ ስፖርት የጀመረችው መቼ ነው?»

«እጅጌ ስሰፋ ጨርቁን እየያዘ አስቸገረኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያሰርኩላት።» ከዚያ ፊቷን ከሰዓቱ አዞረች። «ባላየው ይሻለኛል ልጄ። ያኔ ገና በጠዋቱ ስድስት መቶ አርባ ይል ነበር። እንደ እናትሽ እያደረገኝ ነው።» ደብቃ የከረመችውንም ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፈችው።

ነርሷ እስክትጨርስ ሰማቻት። አልሳቀችም። ሄዳ ሰዓቱን ነካ አደረገችና «ነይ እስቲ እይ» አለች።

አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ስምንት ይላል።

«ከጠዋት ጀምሮ እሷ እጅ ላይ ነው አላልሽም? ቆማ ከአምስት መቶ በላይ አቃጥላለች። በይ እሷንም ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

እትዬ ሜትር አሻንጉሊቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ፕላስቲክ ናት፤ አሥር ዓመት ሙሉ አልከሳችም፣ አልወፈረችም።

«ሰው ተኝቶም ያቃጥላል» አለች ነርሷ። «ልብሽ ይመታል፣ ትተነፍሻለሽ፣ ገላሽ ይሞቃል፤ ለዚህ ሁሉ ጉልበት ይወጣል። ባታቃጥዪ ነበር የሚያስፈራው። ሰዓቱ ደግሞ ይሄንን ከእጅሽ ላይ አይለካውም። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ወንድ ነሽ ሴት ብሎ ይጠይቅና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሒሳብ ይገምታል። ብታወልቂውም ግምቱን መደመሩን አይተውም። በእርምጃሽና በልብ ምትሽ የሚያሰላው ከዚያ በላይ ያለውን ነው።»

«ቁመቴን ማን ነገረው?»

ስልኩን ከፍተው አዩት። ወንድ። ሠላሳ አንድ ዓመት። አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት። ሰማንያ አምስት ኪሎ።

ልጇ ጋ ተደወለ። «እማ፣ ዕድሜሽን ብጠይቅሽ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነዋ» አለ። «ኪሎሽንም አላውቅ። ቸኩዬ የራሴን ሞላሁት።»

«በወሬ እንኳ አልቆረጥክልኝ፤ ያንተን ልብስ ነው ያለበስከኝ» አለችው። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ሳቋ አመለጣት።

ነርሷ እጇን ዘረጋች። «በይ ሜትሩን ስጪኝ።»

እትዬ ሜትር ሜትሩን በሁለት እጇ ያዘች። የሰፈሩን ወገብ ሁሉ ስትለካ ኖራ፣ ለራሷ በዓይኗ ነው የምትቆርጠው። ድሮ ጊዜ አጥታ ነበር፤ እህቷ ከሞተች ወዲህ ግን ፈርታ ነው። እዚያው አንገቷ ላይ ሜትር እያለ ሰዓት አመነች።

«እናትሽን የለካኋት እኔ ነበርኩ» አለች። «ስትመነምን ሜትሩ ነግሮኛል። ክፉ ማውራት መሰለኝና ዝም ብዬ አጠበብኩላት። ያኔ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ…»

«እሷም ታውቅ ነበር አክስቴ። ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ፤ ሐኪም ቤት አልሄድም ያለችው ራሷ ናት።»

እትዬ ሜትር ይህን ሰምታ አታውቅም። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ሜትሩን ሰጠቻት።

ወገቧ ተለካ፤ በሩ መቃን ላይ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት ሆነ። ፋርማሲው በር ላይ ያለው ሚዛን ሃምሳ ስድስት ኪሎ አለ፤ ያምናው የክሊኒክ ካርዷም ሃምሳ ስድስት ይላል። ጉርዱስ? ነርሷ ወገቡን ሳብ አድርጋ ለቀቀችው፤ ላስቲኩ አርጅቶ ኖሯል። የልብስ ሰፊ ጉርድ እንዲህ ነው!

«አሁን የዕረፍቱ ብቻ በቀን ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ወደ አንድ ሺህ ሰባ ይወርዳል» አለች ነርሷ ስልኩን እያስተካከለች። «እሱም ግምት ነው፤ መቶ ሁለት መቶ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ለማንኛውም ሰኞ ደምሽን እናያለን፤ ፍርሃትሽ እንዲወጣልሽ። ወገብሽንስ የት ልጻፈው?»

እትዬ ሜትር የልክ ደብተሯን ገለጠች። በእህቷ ስም ሥር ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱ ተሰርዘዋል። ከእነሱ በታች ባዶ መስመር አለ።

«እዚህ» አለች።

ከዚያ መጋረጃ ሰፊው ጋ ደወለች። «መኪናዋን አልሰጥም፤ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።»

«ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«ተለካሁ» አለችውና ስልኩን ዘግታ ሱሪውን ከመኪናዋ መርፌ ሥር አስገባች።