ሳምሶን ያዘገየው ቃል

ከወልድያ መናኸሪያ የተነሳሁት ጦርነቱ ከከተማችን በራቀ በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ ላይ ነበር። ስልክ ገና አልተመለሰም። አብሮኝ ራፕ የሚሠራው ሳምሶን ግራና በምትባለው ከተማ አክስቱ ዘንድ እንዳለ፣ አባቱ በሽሽት መንገድ ላይ ከሞቱ ወዲህም አንድ ቃል እንዳልተነፈሰ አንድ ሹፌር ነገረኝ። ላየው ሄድኩ።

ረፋድ፣ ሲሪንቃ

ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሳይታጨድ የደረቀ ማሽላ በመስኮቱ ያልፋል። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ የጎማው ድምፅ ምት ሆነልኝና በከንፈሬ ስንኝ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዘወር ብለው፣

"ልጄ፣ ጸሎት ነው እንዴ?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ ራፕ ነው።"

"ብቻ ቤት ይምታ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መርሳ

ፍተሻው ላይ ወርደን በእግር አለፍን። ገበያው ግማሹ ተከፍቷል። ዋጋው እጥፍ የሆነ ብርቱካን ገዝቼ በባጃጅ ወደ ግራና ቀጠልኩ። አቧራው በፀሐይ ወርቅማ ሆኖ መንገዱን ሸፍኖታል፤ የምንንሳፈፍ እንጂ የምንሄድ አይመስልም ነበር።

ግራና

አክስቱ እትዬ ዘነቡ በር ላይ ተቀበሉኝ።

"እንዴት ነዎት?"

"ተመስገን። ልጁ ግን ይሰማል፤ አይመልስም።"

ሳምሶን ጓሮ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አቀፍኩት፤ አቀፈኝ። ስለ አባቱ መጠየቅ ፈራሁ። ባዶ ጄሪካን ሳብ አድርጌ እየመታሁ ጀመርኩ፦

ስልኩ ቢዘጋ፣ ድምፅህ ቢጠፋ፣
ፈልጌህ መጣሁ፣ ሰንቄ...

እዚያ ላይ አቆምኩ፤ ምቱን ግን አላቋረጥኩም። ጆሮ አንድ ቤት ከሰማ ሁለተኛውን ይጠብቃል፤ ቃሉ በዘገየ ቁጥር ደረት ይወጠራል። አንድ ዙር አለፈ። ሁለት። የሳምሶን ጣት ጉልበቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ፣ ምቱ ካለፈ በኋላ፣ በሻከረ ድምፅ "ተስፋ" አለ።

እትዬ ዘነቡ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ዘገየህ" አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ።

"አልዘገየሁም። ሆን ብዬ ከምቱ ኋላ ነው የገባሁት።" ከዚያም፣ "ተስፋ ግን ቀላል ቤት ነው፤ ሁሉም የሚለው" አለኝ።

ጄሪካኑን ተቀብሎኝ እየመታ፣ አባቱ እንዴት እንደሞቱ በራፕ ነገረን። ደክሟቸው የተቀመጡበት ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቤቱም ምቱም ቆመ። ቀሪውን በተራ ንግግር፣ እያለቀሰ ጨረሰው።

ወልድያ

ሳምሶን የአክስቱን ማሽላ ሊያጭድ እዚያው ቀረ። እኔ ሳይመሽ ቤቴ ገባሁ። ቤት መምታት የግጥም ማሳመሪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ብቻውን መሄድ ሲያቅተው ይደገፍበታል፤ መልቀቅ ያለበት ቦታ ሲደርስም ይለቀዋል። ደብተሬን ከፍቼ ስለ አባቱ አዲስ ግጥም ጻፍኩ። የመጨረሻውን ስንኝ ቤት ሳላስመታው ተውኩት።