ውሃው የቀደመኝ ቀን

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አዲሱን ግንብ ውሃ ሲያጠጣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ በመስኮት ገባና በዚህ ዕድሜዬ እግሬ ለሩጫ ተነሣ።

በንጉሡ ዘመን ነው። አባቴ ድሬዳዋ ዳርቻ፣ የመስኖው ቦይ መጨረሻ ላይ፣ የብርቱካን ማሳ ነበረው። ቦዩ የአፈር ስለነበር ውሃው እኛ ጋ ሳይደርስ ሰርጎ ያልቃል። የውሃ ተራችን ሲሆን እኔ ቦዩ ውስጥ ከውሃው ፊት እየሄድኩ ቅጠል እጠርጋለሁ፤ "ቢሻን ዱፌ!" እያልኩ ውሃ መምጣቱን ለአባቴ እናገራለሁ። ውሃው ቀርፋፋ ነው፤ ከቦዩ ዳር ዛፎች የዘይቱን ፍሬ እየለቀምኩ እየበላሁ እጠብቀው ነበር።

መንግሥት ቦዩን በሲሚንቶ አስለስኖ የጨረሰ ዕለት ውሃ አከፋፋዩ አው አደም የቦዩን መዝጊያ አነሡ።

"ሩጪ ልጄ" አሉኝ። "ዛሬ የአፈሩን ድርሻ ወስደን ለአባትሽ ሰጥተነዋል።"

ነገሩ አልገባኝም። ውሃው ግን ወዲያው ቁርጭምጭሚቴን መታኝና አልፎኝ ሄደ። ጫማዬን ጥዬ እየሳቅኩ ተከተልኩት።

አባቴ የእኔን ጥሪ እየጠበቀ ጥላ ሥር ተጋድሞ ኖሮ፣ ስደርስ ሽርጡ ርሶ አካፋውን ይፈልጋል።

"ሳትጠሪኝ?"

"ቀደመኝ፣ አባ።"

ሳቁን ማቆም አቃተው። የመጨረሻዋ ብርቱካን እንኳ ያን ቀን ጠጣች።

በዓመቱ፣ ከቦዩ የሚሰርገውን ውሃ ይጠጡ የነበሩት የዳር ዘይቱኖች ደረቁ። የአው አደም ነገር ያኔ ገባኝ።

ዛሬም የጎረቤቴን ግንብ ትቼ፣ ከአጥሬ ሥር ላለችው ዘይቱን አንድ ጣሳ ውሃ ይዤላት ወጣሁ።