ለአባቴ ለቅሶ የሄድኩበት መንገድ

ቡታጅራ፣ ሰኞ ጠዋት

ከቡታጅራ የተነሣሁት ለአባቴ ላለቅስ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ኑሮዬ ቡታጅራ ነው፣ የተወለድኩት ግን ቸሃ ነው። አባቴና ታናሽ ወንድሜ ሳህሌ እዚያው ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ሐጂ ኑረዲን፣ የበርበሬ ነጋዴው፣ ሱቄ መጥተው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሙ። ሐጂ ያለ ቀልድ ገብተው አያውቁም፤ የዚያን ቀን ግን ገና ሲገቡ ፊታቸው ጠቆረብኝ።

«ከናንተ አገር የመጣ ቅቤ ነጋዴ ገበያ ላይ አገኘኝ» አሉ። «ወንድምህ ቶሎ ይምጣ ብሎሃል።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላማ፣ በአባትህ ደጅ የነበረው ትልልቁ እንሰት ተነቅሏል አለ። ሰዉም ሣር እያጨደ ያመጣል አለ። ወደ ቆሼ ለማለፍ ቸኩሎ ስለነበር ብዙ አላጫወተኝም። አብሽር፣ ኢንሻአላህ በደህና ታገኛቸዋለህ።»

ለጉራጌ ልጅ ይህ ትርጉም አያሻውም። የደጅ እንሰት የቤቱ ክብር ነው። ትልልቁ በአንድ ጊዜ የሚነቀለው ብዙ ሰው ሲመጣ ነው፤ ብዙ ሰው የሚመጣው ደግሞ ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው። በቤታችን የሚዳር ልጅ የለም። ሣሩንም ለለቅሶ ዳስ ነው አልኩ። ባለቤቴ አመለወርቅ ወሬውን ስትሰማ ጋቢዬን አጥፋ ሰጠችኝ። ሱቁን ዘግቼ ተነሣሁ።

ወደ ዓለም ገና

በዚያን ጊዜ ከቡታጅራ ወልቂጤ ለመድረስ ሁለት መንገድ ነበር፦ ተራራውን በእግር መቁረጥ፣ ወይም እስከ ዓለም ገና ወጥቶ በጅማው መንገድ ተመልሶ መውረድ። ጉልበቴን ስላላመንኩት በአውቶቡስ ዞርኩ። ከሾፌሩ መስታወት በላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ አለ፤ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ አቧራው እርሳቸውንም አልማረም። ሶዶን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጠ ከጎንደር የመጣ አስተማሪ ወሬ ጀመረ። የት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለኝ።

«ሃምሳን እየተጠጋሁ ነው።»

«በዚህ ዕድሜ አባት መኖሩ ራሱ ዕድል ነው። እኔ አባቴን ሳላውቀው ነው ያደግኩት።»

እውነቱን ነው፤ እኔ ግን ተናደድኩበት። ሰው ምን ቢሸብት አባቱ እስካለ ድረስ ከፊቱ የሚቀድመው ሰው አለ። አባት ሲሄድ ወረፋው ይደርሳል። ከፊቴ ማንም እንደማይኖር ሳስብ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ። አስተማሪው ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝ፣ ተቀበልኩት፣ አልበላሁትም።

ዓለም ገና ወርጄ የጅማውን አውቶቡስ ያዝኩ። አስፋልቱ ልስልስ ያለ ነው፤ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ በኩል ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። አባቴ በጎልማሳነቱ ይህን ሁሉ አገር በእግሩ እየሄደ አዲስ አበባ ጉልበቱን ይሸጥ ነበር። እኔ በአውቶቡስ ተቀምጬ እማረራለሁ። የመጀመሪያው ልጄ ደግሞ አውሮፕላን እነዳለሁ ይላል።

ወልቂጤ

ወልቂጤ ስወርድ የመንደራችንን ሰው አቶ ተክሌን አየሁት። ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ስስቱ የታወቀ ነው፣ ለጠላትም ለወዳጅም ውኃ እንኳ አይጋብዝም። ያን ዕለት ግን ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ፣ ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀኝ፣ ምግብ ቤት አስገባኝና ክትፎ ከቆጮና ከአይብ ጋር አዘዘልኝ።

«አባቴ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ደህና ናቸው። አንተ መጀመሪያ ብላ።»

«ተክሌ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«ደህና ናቸው አልኩህ እኮ! ብላ፣ መንገድ አለብህ።»

ዓይኑን ግን ከሳህኑ አላነሣም። መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰውዬው እስኪበላና ዘመድ ዙሪያውን እስኪሞላ ድረስ ሁሉም «ደህና» ነው። እኔም ስንቱን ሰው እንዲህ ብዬ ሸኝቻለሁ። ክትፎውን ወደ ጎን ገፋሁት። ተክሌ ሒሳቡን ሲከፍል ሳይ ደግሞ ያለችኝ ጥቂት ተስፋም ጠፋች፤ ተክሌ ለቀልድ ብሎ ብር አያወጣም።

በጉብሬ በኩል

ከወልቂጤ እስከ ጉብሬ በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ከጉብሬ ወዲያ በእግር ነው። በመንገድ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ቆም እያሉ፣ እጄን ይዘው፣ «እንኳን መጣህ፣ እንኳን ደረስክ» አሉኝ። የለቅሶ ሰላምታ መስሎ ተሰማኝ። አንዲት አሮጊት ጉንጬን ሳመችኝና «ትልቅ ሰው ሆንክ» አለችኝ። እዚያ ላይ እንባዬ መጣ፤ ፊቴን ወደ እንሰቱ አዙሬ ጠረግሁት።

ከደጃችን ስደርስ ነጋዴው ያወራው ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በቤቱ ቀኝ በኩል ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የእንሰት ረድፍ የለም፤ መሬቱ ተደልድሏል። ሣሩ ተከምሯል። ወንዶቹ ከደጁ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የሳህሌ ሚስት አየችኝና እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ መሮጥ ጀመረች።  አፏን ስትከፍት ጩኸቱን ጠበቅኩ።

እልል አለች።

ከእልልታው በኋላ ደግሞ ከተደለደለው መሬት መጨረሻ፣ ትልቁ ቤት ከጋረደው አንድ አዲስ ጎጆ፣ የሚቆጣ ድምፅ መጣ። «ይሄ ክዳን ነው ወንፊት? ዝናቡ አናቴ ላይ እንዲወርድ ነው? ፍታና እንደገና ክደነው!»

አባቴ ነው። በምርኩዙ ወደ ጣሪያው እየጠቆመ ከዳኞቹን ይሳደባል። እግሩ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ገባው። «ሞተ ብለህ ነው የመጣኸው?»

«እንሰቱ ተነቀለ ሲሉኝ...»

«አዎ ተነቀለ! ለጎጆዬ ቦታ ቢጠፋ አስነቀልኩት። የደረሰውን ሴቶቹ ለቆጮ ፋቁት፣ ለጋውን ወደ ጓሮ አዛወርኩት። እንሰት ካልተነቀለ መቼ ያድጋል? በሕይወቱ ስንቴ ይነቀላል? መነቀል ሁሉ ሞት የመሰለህ ከተማ ስለከረምክ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ትልቁን ቤት ለሳህሌ ሊያስረክብ፣ እርሱ ወደ ትንሿ ጎጆ ሊዛወር ቆርጧል። በቤታችን ሥርዓት ደግሞ የበኩር ልጅ ቆሞ እሺ ካላለ ርክክብ የለም። ለመንደሩም ለተክሌም «እኔ ነኝ የምነግረው» ብሎ አፋቸውን አስይዟል፤ የክትፎዬንም ብር ለተክሌ የሰጠው እርሱ ነው።

«ለምን ደበቅከኝ፣ አባ?» አልኩት።

«ለቤት ርክክብ ና ብልህ፣ የገና ልብስ ልስፋ፣ ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ ትለኝ ነበር። ለሞቴማ ትመጣለህ። እኔ ግን በቁሜ ላይህ ፈለግሁ።»



ርክክቡ

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ባሉበት አባቴ በትልቁ ቤት ምሰሶ አጠገብ ቆመ። «በዚህ ቤት ተወለድኩ፣ ከአባቴ ተረከብኩት፣ ልጆቼን አሳደግሁበት። አሁን ጉልበቴ ለትልቅ ቤት አይበቃም፤ ለትንሽ ግን ገና ይበቃል» አለ። እኔ «እሺ» አልኩ፤ ሳህሌ ጉልበት ሳመ። ከዚያ አባቴ ከምድጃው ፍም እንድወስድለት አዘዘኝ። በገል ይዤ፣ ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ወደ አዲሱ ጎጆ ተሻገርኩ።

ፈርቼ የመጣሁት ይህን መሻገር እንደነበር እዚያ ገባኝ። አባቴ ግን ምንም አልመሰለውም። ደጁ ላይ ተቀምጦ «እዚህ ሆኜ ሁላችሁንም አያችኋለሁ፤ ሥራ ስትለግሙ እሳደባለሁ» አለ። ልጅነትን እንደጨረሰ፣ ጎልማሳነትን እንደጨረሰ፣ አሁንም አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመሩ ነው። ሰው ዕድሜውን እንዲህ ቀለል አድርጎ ሲይዘው አይቼ አላውቅም።

መመለሻ

ቡታጅራ የገባሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰፈሬ ስደርስ ደጄ ላይ ሰሌን ተነጥፎ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። አመለወርቅ ጥቁር ለብሳለች። ሐጂ ኑረዲን ከልጆቻቸው ጋር ከፊት ተቀምጠዋል፤ አንድ ትልቅ ድስት ንፍሮም ቀርቧል። እኔን ሲያዩ ሁሉም ተነሡ፤ ሴቶቹ ለቅሶውን ሊጀምሩ ነጠላቸውን ሳቡ።

ከሩቅ ሆኜ፣ ሻንጣዬን ጥዬ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦ «አባቴ አለ! ቤት ሊቀይር ነው እንሰቱን የነቀለው!»

 ሐጂ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ አመለወርቅ ግን ጭራሽ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ሳቁ ተነሣ። ንፍሮውን ማን ይመልሰዋል? ከሰሌኑ ላይ ተቀምጠን፣ ስለ አባቴ ስድብ እያወራሁላቸው፣ የለቅሶውን ንፍሮ እየሳቅን ጨረስነው።